ሊነክስ ላይ ነፃ ኦርኬስትራ፦ ዝም የሚለው፣ የሚንጫጫውና ኦርጋን የሚመስለው

ጥያቄ፦ «ኡቡንቱ 24.04 የተጫነበት፣ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ አለኝ። በክራር የቀዳሁት አንድ የአንቺሆዬ ዜማ አለ፤ ከሥሩ የክርና የትንፋሽ መሣሪያዎች አጃቢ ልጽፍለት ብዬ ነፃ የኦርኬስትራ ሳምፕል ላይብረሪዎች (የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች ስብስቦች) አወረድኩ። አንዳንዱ ኤስኤፍዜድ ፋይል ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለውም። ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ አራት አምስት ትራክ ላይ ሲደርስ መንጫጫት ይጀምራል። ቫዮሊኖቹ እንደ ርካሽ ኦርጋን ነው የሚሰሙት፤ ከክራሩም ጋር አይስማሙም። የተሻለ ላይብረሪ ልፈልግ ወይስ ወደ ዊንዶውስ ልመለስ?»

መልስ፦ ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉት። የዘረዘሩት አራት ችግር ነው፤ የአራቱም መነሻ የተለያየ ነው፤ አንዱም ግን ከላይብረሪው ጥራት የመጣ አይመስልም። ሌላ ላይብረሪ ቢያወርዱ አራቱም ተከትለውዎት ይመጣሉ። (ትዕዛዞችንና የፋይል ስሞችን ከዚህ በታች በአነባበባቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ሲተይቧቸው በላቲን ፊደል ይሁን።)

ከሁሉ በፊት የያዙት ነገር ምን እንደሆነ ይታወቅ። ኤስኤፍዜድ ፋይል ውስጥ ድምፅ የለም። መጠኑን ቢያዩ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በማንኛውም ቴክስት ኤዲተር ይከፈታል። ሲከፍቱት «ሪጅን» በሚል ምልክት የሚጀምሩ አንቀጾች ያገኛሉ። አንዱ አንቀጽ ለምሳሌ የሚለው ይህን ነው፦ ሳምፕሉ እዚህ ፎልደር ውስጥ ያለው የዌቭ ፋይል ነው፤ ሎኪ 55፣ ሃይኪ 57፣ ፒች ኪሴንተር 55። ትርጉሙ፣ ከ55ኛው እስከ 57ኛው የሚዲ (ኖታን በቁጥር የሚጠራው የዲጂታል ሙዚቃ ቋንቋ) ቁልፍ የትኛውም ሲነካ ይህን ቅጂ አጫውት፤ ቅጂው የተቀዳው በ55 ስለሆነ 56 ሲነካ በግማሽ ድምፅ፣ 57 ሲነካ በሙሉ ድምፅ ከፍ አድርገው ማለት ነው። 55 የቫዮሊን ዝቅተኛው ክር፣ ሶል ነው። ድምፁ ያለው በዌቭ ፋይሎቹ ውስጥ ነው፤ ኤስኤፍዜዱ የአድራሻ ደብተር ነው። ማጫወቻው ደግሞ ደብተሩን አንብቦ ፋይሎቹን የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም ነው። ይህን ከያዙ ከችግሮችዎ ግማሹን ራስዎ ይፈቱታል።

ስለ ላይብረሪው ምርጫ በአጭሩ። ለሥራዎ ቨርቹዋል ፕሌይንግ ኦርኬስትራን ይያዙ። እሱ ራሱ ከሌሎች ነፃ ቅጂዎች የተሰበሰበ ነው፤ ከሶናቲና ሲምፎኒክ ኦርኬስትራ፣ ከቪኤስሲኦ 2 ኮሚኒቲ ኤዲሽን፣ ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ቅጂዎችና ከመሳሰሉት። ጥቅሙ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የድምፅ መጠናቸውንና አጀማመራቸውን አቀራርቦ መጻፉ ነው። ሶናቲና ብቻዋን ወደ 500 ሜጋባይት ናት፤ ለደካማ ኮምፒዩተርና ለውድ ዳታ ትመቻለች፤ ነገር ግን የድምፅ እርከኗ ጥቂት ስለሆነ ለስለስ ያለውና ጠንከር ያለው አነፋፍ በቅላፄ አይለያዩም፣ በመጠን ብቻ እንጂ። የእንግሊዙን ስፒትፋየር ነፃ ኦርኬስትራ ሰዎች ይመክሩዎት ይሆናል፤ የተሠራው ለዊንዶውስና ለማክ ነው፤ የዊንዶውስ ሶፍትዌርን ሊነክስ ላይ በሚያስኬዱት በዋይንና በያብሪጅ በኩል ካልሆነ አይገባም። እሱን የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት። የኖታ መጻፊያው ሚዩዝስኮር 4 ውስጥ የሚሠሩት ነፃዎቹ ሚዩዝ ሳውንድስ በጣም ጥሩ ናቸው፤ ግን ከሚዩዝስኮር ውጪ አይከፈቱም። ሥራዎን በኖታ ብቻ የሚጽፉ ከሆነ እነሱ ይሻላሉ። ከተቀዳ ክራር ጋር ማዋሃድ ከፈለጉ ግን ኤስኤፍዜድ ይሻላል፤ ከቅኝቱ ጋር የተያያዘ ምክንያት አለው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ማጫወቻው ስፊዝ ይሁን። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ በኤልቪ2 እና በቪኤስቲ3 ፕለጊን (ሌላ የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ተቀጥላ) መልክ ይገኛል። ካርላ በሚባለው የፕለጊን ማስተናገጃ ውስጥ ኤስኤፍዜድ ፋይል በቀጥታ ጎትተው ከጣሉ የሚጫወተው በስፊዝ ሳይሆን በሌላ ቀለል ባለ ሞተር ነው፤ ብዙ ትዕዛዞችን አያውቃቸውም፤ «ይከፈታል ግን ይጎድለዋል» የሚሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ኪውሲንትና ፍሉይድሲንት የሚያነቡት ሳውንድፎንት የሚባለውን ሌላ የፋይል ዓይነት ነው፤ ኤስኤፍዜድ አይገባቸውም። በኡቡንቱ ማከማቻ የሚገኘው የሙዚቃ መሥሪያ ኤልኤምኤምኤስ 1.2 ደግሞ ኤልቪ2ንም ቪኤስቲ3ንም ስለማያውቅ ስፊዝ አይታየውም። ስለዚህ ትራኮችዎን አርዶር በሚባለው የመቅጃና የማቀላቀያ ፕሮግራም ይያዙ፤ ከማከማቻው ሲጭኑት ክፍያ የለውም። ሪፐርም ለሊነክስ የተሠራ እትም አለው፣ ግን የንግድ ሶፍትዌር ነው።

አንድ ወጥመድ ላሳይዎት። አርዶርን ከማከማቻው ሳይሆን ፍላትፓክ በሚባለው የመጫኛ ዘዴ ከጫኑት በራሱ አጥር ውስጥ ነው የሚሠራው፤ በሲስተሙ ውስጥ የተጫኑ ፕለጊኖችን አያይም፤ አንዳንዴ ላይብረሪው የተቀመጠበትን ዲስክም አያይም። «ስፊዝን ጫንኩት፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም» ካሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዝምታው። መንስኤዎቹን ደጋግመው በሚያጋጥሙበት ቅደም ተከተል ልንገርዎ።

አንደኛው፣ ግማሽ ብቻ መውረዱ ነው። ቨርቹዋል ፕሌይንግ ኦርኬስትራ በሁለት ተለያይቶ ነው የሚወርደው፤ የኤስኤፍዜድ ደብተሮቹ ትንሽ ዚፕ ናቸው፣ የዌቭ ፋይሎቹ ትልቅ ዚፕ። ብዙ ሰው ትንሹን አውርዶ «ተከፈተ ግን ዝም አለ» ይላል። ሁለቱም አንድ ቦታ መፈታት አለባቸው፤ ሲፈቱ «ሊብስ» የሚባለው የድምፆቹ ፎልደር ከመሣሪያዎቹ ፎልደሮች ጎን ለጎን መቀመጥ አለበት። ምክንያቱም ደብተሩ አድራሻውን የሚጽፈው «አንድ ፎልደር ወደ ላይ ውጣ፣ ከዚያ ሊብስ ውስጥ ግባ» እያለ ነው። ቫዮሊኑን ብቻ መዘው ወደ ዴስክቶፕ ካወጡት አድራሻው ባዶ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ኔትዎርኩ ተቋርጦ ዚፑ ጎድሎ ወርዶም ሊሆን ይችላል። ደብሊውጌት የሚባለውን ትዕዛዝ ከሰረዝ-ሲ አማራጭ ጋር ከተጠቀሙ ካቆመበት ይቀጥላል፤ መብራት ሲሄድ ከዜሮ አይጀምሩም። ከመፍታትዎ በፊት አንዚፕን በሰረዝ-ቲ አማራጭ ያሂዱት፤ ዚፑ ሙሉ መሆኑን ሳይፈታ ይፈትሸዋል።

ሁለተኛው የሊነክስ የራሱ ነገር ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል። ደብተሩን የጻፈው ሰው ዊንዶውስ ላይ ከሆነ «ቫዮሊን»ን አንድ ቦታ በትልቁ ቪ፣ ሌላ ቦታ በትንሹ ቪ ቢጽፍ ዊንዶውስ ግድ የለውም። ኢኤክስቲ4 ዲስክ ላይ ግን ሁለቱ የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ነገሩ ይበልጥ የሚያወዛግበው ፍላሽ ዲስክ ላይ ሲሆን ነው፤ ፋት32 እና ኤክስፋት ፊደል ስለማይለዩ ላይብረሪው በፍላሹ ላይ እያለ ይጫወታል፣ ወደ ሆም ፎልደርዎ ሲገለብጡት ዝም ይላል። ሰው ኮፒው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ኮፒው ጤነኛ ነው። ስፊዝ ይህን ብዙ ጊዜ ራሱ ፈልጎ ያስተካክላል፤ ሌሎች ማጫወቻዎች ግን አይራሩም። ማስተካከያው ወይ የፎልደሩን ስም ደብተሩ እንደሚጠራው አድርጎ መለወጥ ነው፣ ወይም ደብተሩን ከፍቶ በቴክስት ኤዲተሩ ፈልግና ተካ ማረም። ወደ ኋላ ያጋደለውን የዊንዶውስ ሰረዝም ስፊዝ ወደ ሊነክሱ ሰረዝ ቀይሮ ያነበዋል፣ እሱን መንካት የለብዎትም።

የትኛው መሆኑን በግምት አይፈልጉት። ከስፊዝ ጋር የሚመጣ «ስፊዝ-ጃክ» (ሲተየብ በሰረዝ ሳይሆን በአንደርስኮር፣ sfizz_jack) የሚባል የተርሚናል ፕሮግራም አለ። የኤስኤፍዜዱን ፋይል ሰጥተው ያስነሱት። ስንት ግሩፕ፣ ስንት ሪጅንና ስንት ቀድሞ የተጫነ ሳምፕል እንዳገኘ ይዘረዝርልዎታል፤ የማያውቃቸውን ትዕዛዞችም ለብቻ ያወጣል። የተጫነው ሳምፕል 0 ከሆነ አድራሻው ስህተት ነው። በመቶ የሚቆጠር ሳምፕል ተጭኖ ዝም ካለ ግን አድራሻውን ይተዉትና ወደ ሦስተኛው ምክንያት ይሂዱ።

ሦስተኛው፣ ሞድ ዊሉ (ኪቦርዱ ጎን ላይ ያለው ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ) ዜሮ ላይ መሆኑ። የቨርቹዋል ፕሌይንግ ኦርኬስትራ ደብተሮች በሁለት ዓይነት ናቸው። ስታንዳርድ የሚባሉት ላይ የድምፁን መጠን የሚወስነው ቁልፉን የመቱበት ኃይል ነው። ፐርፎርማንስ የሚባሉት ላይ ግን መጠኑን የሚወስነው ሞድ ዊሉ ማለትም ሲሲ1 (1ኛው የሚዲ መቆጣጠሪያ ቁጥር) ነው፤ የምቱ ኃይል የኖታውን አጀማመር ብቻ ነው የሚለውጠው፣ ስል ወይም ለስላሳ። በማውስ ኖታ ሲጽፉ ወይም ሞድ ዊል የሌለው ትንሽ ኪቦርድ ሲይዙ ሲሲ1 ከዜሮ ሊነሳ ይችላል፤ ኖታው ይነካል፣ ድምፁ አይሰማም። በትራኩ መጀመሪያ ላይ ሲሲ1ን 70 አካባቢ የሚያደርግ አንድ ነጥብ ያስቀምጡ። ችግሩ በዚሁ ያበቃል።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ፤ ኖታው ከመሣሪያው ክልል ውጪ ከሆነ ሪጅን የለውም። ቫዮሊን ከ55 በታች፣ ቪዮላ ከ48 በታች፣ ቼሎ ከ36 በታች፣ ፍሉት ከ60 በታች የለም። የመሐል ዶን አንዱ ሶፍትዌር ሲ3፣ ሌላው ሲ4 ብሎ ስለሚጠራው በስም ሳይሆን በቁጥር ይነጋገሩ፤ 60 ሁሌም 60 ነው።

መንጫጫቱ የሚመጣው ፕሮሰሰሩ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ሳያስረክብ ሲቀር ነው። ኤክስራን ይሉታል። ጊዜውን የሚወስነው በፈር (ድምፁ በአንድ ጊዜ የሚሰናዳበት ቁራጭ መጠን) ነው፤ በ48 ኪሎኸርዝ 256 ፍሬም ማለት 5.3 ሚሊሰከንድ ነው፣ 1024 ፍሬም ደግሞ 21.3 ሚሊሰከንድ። በእጅዎ እየተጫወቱ ሲቀዱ 256 ያስፈልግዎታል፤ አለበለዚያ ድምፁ ከጣትዎ ይዘገያል። ከዚያ በኋላ ግን፣ ኖታ ሲያርሙና ሲያቀላቅሉ፣ 1024 ያድርጉት፤ ያኔ መዘግየቱ ማንንም አይጎዳም። የብዙ ሰው ስህተት ለመቅዳት ዝቅ ባደረጉት በፈር ቀኑን ሙሉ መሥራት ነው።

በፈሩን የሚቀይሩት አርዶር ውስጥ በኦዲዮና ሚዲ ሴትአፕ መስኮት ነው። እዚያው አልሳን (የሊነክስን መሠረታዊ የድምፅ ሥርዓት) ከመረጡ አርዶር የድምፅ ካርዱን ለብቻው ይይዘዋል፤ ዩቲዩብ ዝም ቢል አይደንግጡ፣ አርዶርን ሲዘጉ ይመለሳል። ጃክን (የድምፅ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን) ከመረጡ ኡቡንቱ 24.04 ላይ ሥራውን የሚሠራው የሲስተሙ የድምፅ አስተናባሪ ፓይፕዋየር ነው፤ የፓይፕዋየር ጃክ ጥቅል መጫኑን ያረጋግጡ። ተርሚናል ላይ ፒደብሊው-ቶፕ ብለው ቢያስነሱ ኢአርአር የሚል አምድ ያያሉ፤ በተንጫጫ ቁጥር እዚያ ያለው ቁጥር ከጨመረ ነገሩ በእርግጥ ኤክስራን ነው። ካልጨመረ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የትራኩ ድምፅ ከ0 ዴሲቤል አልፎ እየተቆረጠ ነው፤ ፌደሩን (የትራኩን የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል።

ኤክስራን ከሆነ መጀመሪያ የኃይል ሁኔታውን ይዩ። ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ራሱን ይቆጥባል፤ ከሴቲንግስ የፓወር ገጽ ላይ፣ ማሽንዎ ከፈቀደ፣ ፐርፎርማንስን ይምረጡ። ቀጥሎ የተጠቃሚ ስምዎን ኦዲዮ ግሩፕ ውስጥ ያስገቡ፤ ይህ ለድምፅ ፕሮግራሞች ቅድሚያ የሚሰጠው ሕግ የተጻፈለት ግሩፕ ነው። የጃክ የራሱ ጥቅል ጃክዲ2 ሲጫን «የሪልታይም ቅድሚያ ይፈቀድ?» ብሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ሕግ ለመጻፍ ነው፤ አዎ ይበሉት። ከዚያ ወጥተው እንደገና ካልገቡ አይሠራም፤ ተርሚናሉን መዝጋት ብቻ አይበቃም።

ራም ግን ያን ያህል አያሳስብዎት። ስፊዝ ሙሉውን ዌቭ ራም ላይ አይጭንም፤ የእያንዳንዱን መጀመሪያ ብቻ ይይዝና ቀሪውን ከዲስክ እያነበበ ይሄዳል። በነባሪው 8192 ፍሬም ነው የሚይዘው፤ በስቴሪዮ፣ እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ሲሆን፣ ለአንድ ሳምፕል 64 ኪሎባይት ይመጣል። 1500 ሳምፕል ቢከፍቱ 100 ሜጋባይት አይሞላም። 8 ጊጋባይቱ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቸግረው ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ ይባስ ብሎ በዩኤስቢ የተሰካ፣ 20 ኖታ በአንድ ጊዜ ከተለያየ ቦታ አንብብ ሲባል አይደርስም። ላይብረሪውን ወደ ኤስኤስዲ ያዛውሩት፤ ኤስኤስዲ ከሌለ በስፊዝ ሴቲንግስ ውስጥ ፕሪሎድ ሳይዝን ወደ 32768 ከፍ ያድርጉት፤ ራሙን ከፍለው ዲስኩን ያሳርፉታል። እዚያው ያለውን ኦቨርሳምፕሊንግ 1 ላይ ይተዉት፤ ለተቀዳ ኦርኬስትራ የሚሰማ ጥቅም የለውም፣ ፕሮሰሰሩን ግን በእጥፍ ያስከፍለዋል።

መንጫጫት ሳይሆን ኖታዎች በመሐል ቆረጥ እያሉ የሚጠፉ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ስፊዝ በአንድ ጊዜ 64 ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ነው የተቀመጠው፤ አንድ ኖታ በሁለትና በሦስት ተደራራቢ ሳምፕል ስለሚሠራ፣ የመልቀቂያ ጭራውም ስለሚቆጠር፣ 64 ቶሎ ያልቃል። ወደ 128 ያሳድጉት። ያለቀ ትራክ ደግሞ ወደ ድምፅ ፋይል አውጥተው ፕለጊኑን ያሳርፉት። ለማረም ሲፈልጉ ፕለጊኑን መልሰው ያስነሱታል።

አሁን ወደ ዋናው። ኦርጋን የመምሰሉ ምክንያት ብዙ ጊዜ ኦርኬስትራው እንደ ኦርጋን መጻፉ ነው። በኪቦርድ ሦስት ጣት ጥለው ኮርድ ይይዛሉ፤ ያ ኮርድ «አንደኛ ቫዮሊን፣ ክፍል» በሚል ሳምፕል ላይ ነው ያረፈው። ሳምፕሉ አሥራ ምናምን ሰው አብሮ ሲጫወት የተቀዳ ነው። ሦስት ኖታ ሲይዙ ሦስት እጥፍ ሰው አስገቡ ማለት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቅፅበት ጀምሮ፣ በአንድ መጠን ይዞ፣ በአንድ ቅፅበት ያቆማል። እንዲህ የሚያደርግ መሣሪያ ኦርጋን ነው።

ስለዚህ ድምፆቹን ይበትኗቸው። የላይኛው ኖታ ለአንደኛ ቫዮሊን፣ ሁለተኛው ለሁለተኛ ቫዮሊን፣ ሦስተኛው ለቪዮላ፣ መሠረቱ ለቼሎ፣ ካስፈለገ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ለደብል ቤዝ። በእያንዳንዱ ትራክ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ። ይህ ብቻ ድምፁን ግማሽ መንገድ ይወስደዋል።

ቀሪው ግማሽ የሲሲ1 መስመር ነው። አንድ ባለ አራት ምት ኖታ ይውሰዱ። ሲሲ1ን 45 ላይ ይጀምሩ፤ በሦስተኛው ምት 80 ይድረስ፤ ኖታው ሲያልቅ ወደ 55 ይውረድ። ቀስት የሚይዝ ሰው እንዲህ ነው የሚጫወተው፤ ክንዱ ሲዘረጋ ድምፁ ያብጣል፣ ቀስቱ ሲያልቅ ይቀንሳል። ቀጥታ መስመር አይሥሩ፣ ትንሽ ይጉበጥ። ቼሎው ከቫዮሊኑ ግማሽ ምት ቀድሞ ቢያብጥ የበለጠ ሕያው ይሆናል። በማውስ ከመሣል ይልቅ ሞድ ዊሉን በእጅ እያንቀሳቀሱ መቅዳት ይሻላል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ራሱ ይጠቅማል። ሞድ ዊል ከሌለ ማንኛውም የሚሽከረከር ቁልፍ ሲሲ1 እንዲልክ ሊደረግ ይችላል። ሲሲ11 ማለትም ኤክስፕሬሽን መጠኑን ብቻ ያሳንሳል፤ ሲሲ1 ደግሞ ደብተሩ ካዘዘው ለስላሳውን ቅጂ በጠንካራው ይለውጣል። የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው፤ ሲሲ7ን ጭራሽ አይንኩት፣ እሱ ለማቀላቀል ጊዜ የሚያገለግል የትራክ ድምፅ መጠን ነው።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። የተያያዘ ዜማ ላይ እያንዳንዱ ኖታ በሚቀጥለው ላይ ጥቂት ይደረብ፣ ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ። ለስላሳ አጀማመር ያላቸው የክር ሳምፕሎች ደግሞ ድምፃቸው እስኪሞላ ጊዜ ስለሚወስዱ በምቱ ላይ በትክክል ቢቀመጡም ዘግይተው ነው የሚሰሙት፤ ከክራሩ ጋር ሲሆን በግልጽ ያስታውቃል፣ ክራር ጥፍሩ እንደነካው ነውና የሚናገረው። ትራኩን በሙሉ ከ60 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ቀድሞ እንዲጀምር ይሳቡት፤ በጆሮዎ እየለኩ። አጭር አጭር ኖታ ላለው ክፍል ግን ረጅሙን ሳምፕል አይቆራርጡ፤ ስታካቶ ወይም ስፒካቶ የሚል የራሱ ደብተር አለው፣ የተለያዩ ቅጂዎችን እያፈራረቀ ስለሚያጫውት እንደ መትረየስ አይደጋገምም። ስሙ ላይ ኬኤስ ያለበት ደብተር ሁሉንም አያያዝ በአንድ ያካተተ ነው፤ ከመሣሪያው ክልል ውጪ ያሉ ቁልፎች አያያዙን ይቀይራሉ። የትኞቹ ቁልፎች እንደሆኑ ፋይሉን ከፍተው ኤስደብሊው-ሎኪ (በአንደርስኮር፣ sw_lokey) የሚለውን ቢፈልጉ ቁጥሩ እዚያው ተጽፏል።

ከክራሩ ጋር አለመስማማቱ። ሳምፕሎቹ የተስተካከሉት ላ 440 ኸርዝ ሆኖ ኦክታቩ ለ12 እኩል በተከፈለበት ስኬል ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት። ክራሩ ግን በጆሮ የተቃኘ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የሚለያየው፤ መነሻው ከፍታና በመካከሉ ያለው ርቀት። መነሻውን ለማስተካከል ስፊዝ የማስተካከያ ፍሪኩዌንሲ የሚል ቦታ አለው፤ 440ውን ከክራሩ ጋር እስኪገጥም 436ም 445ም ማድረግ ይቻላል። ቅጂውን ከማዛባት አጃቢውን ማምጣት ይሻላል።

ርቀቱን ለማስተካከል ደግሞ ስፊዝ የስካላ ፋይል ይቀበላል። ያኔ ኤስኤፍዜድ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። የስካላ ፋይልም ተራ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው መስመር መግለጫ፣ ሁለተኛው መስመር 12 የሚል ቁጥር፣ ከዚያ 12 መስመር ሴንት፦ 100.0፣ 200.0፣ 300.0 እያለ እስከ 1200.0። መነሻው ድምፅ አይጻፍም፣ ዜሮ እንደሆነ ይታወቃል። ነጥቧን አይርሱ፤ ነጥብ የሌለው ቁጥር እንደ ሴንት ሳይሆን እንደ ሬሾ ስለሚነበብ ድምፁ ከምድር ይጠፋል። አንቺሆዬን ከዶ ቢነሱ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው፤ ስለዚህ የሚነኩት 1ኛውን፣ 5ኛውን፣ 6ኛውንና 9ኛውን መስመር ብቻ ነው። የክራሩን ክሮች አንድ በአንድ በቲዩነር ይለኩ፤ ሊንጎት የሚባለው የሊነክስ ቲዩነር ሴንቱን በቁጥር ያሳያል። ዶው ዜሮ ላይ ሆኖ ሶል ቤሞሉ 20 ሴንት ዝቅ ካለ 600.0 የነበረው 580.0 ይሆናል። ፋይሉን በሁሉም የስፊዝ ትራኮች ላይ ይክፈቱ፣ ሩት ኪውን 60 ያድርጉ። አንድ ትራክ ከተረሳ ሁለት ቫዮሊን ተጣልተው ይሰማሉ።

በዚሁ ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የሦስት ድምፅ ኮርድ መደርደር፣ በተለይ አንቺሆዬ ላይ፣ ሳምፕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ዜማውን ያደናቁራል። ቼሎና ቪዮላ መነሻውን ድምፅ ይዘው ቢቆሙ፣ ቫዮሊኑ ክራሩን በኦክታቭ ትንሽ ዘግየት ብሎ ቢከተል፣ ፍሉቱ ክራሩ ሲያርፍ ቢመልስ ይበቃል።

ክፍሉን ስለመፍጠር ብዙ አልልም። ቅጂዎቹ ከተለያየ ቦታ ስለመጡ አንዱ ከአዳራሽ፣ ሌላው ከደረቅ ክፍል የመጣ መሆኑ ያስታውቃል፤ የአዮዋዎቹ ብዙዎቹ ማስተጋባት ፈጽሞ በሌለበት ክፍል ነው የተቀዱት። ሁሉንም ወደ አንድ የማስተጋቢያ ባስ (ብዙ ትራኮች የሚላኩበት የጋራ መስመር) ይላኩ። ድራገንፍላይ ሆል የተባለው የማስተጋቢያ ፕለጊን ነፃ ነው፤ የመቆያ ጊዜውን 2 ሰከንድ አካባቢ፣ ፕሪዲሌዩን 20 ሚሊሰከንድ፣ ሎውከቱን 200 ኸርዝ ይበሉት። ክሮቹን በትንሹ ይላኩ፣ የትንፋሾቹን ጨመር፣ ብራሱንና ከበሮውን ከሁሉም በላይ፤ በአዳራሽ ውስጥ ከኋላ የሚቀመጡት እነሱ ናቸውና። ፓን ከማድረግዎ (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከመውሰድዎ) በፊት በሄድፎን ያዳምጡ፤ ብዙዎቹ ቅጂዎች ግራና ቀኝ ቦታቸውን ይዘው ነው የመጡት። ክራሩንም በጥቂቱ ወደዚያው ባስ ይላኩት፤ ካልላኩት ከኦርኬስትራው ፊት ለፊት ጆሮ ሥር የተቀመጠ ይመስላል።

ሥራውን ለሕዝብ የሚያወጡት ከሆነ ፈቃዱን ያንብቡ፤ ነፃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቪኤስሲኦ 2 ኮሚኒቲ ኤዲሽን በሲሲዜሮ (ክሪኤቲቭ ኮመንስ ዜሮ) ፈቃድ ነው የተለቀቀው፤ ስም መጥቀስ እንኳ አያስገድድም። ሶናቲና ግን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ሳምፕሊንግ ፕላስ 1.0 ነው፤ ሙዚቃ ሠርተው መሸጥ ይችላሉ፣ የራስዎን ሥራ ከማስተዋወቅ ውጪ ግን ለማስታወቂያ መጠቀምን ይከለክላል። ቨርቹዋል ፕሌይንግ ኦርኬስትራ ከሶናቲና የወሰዳቸው መሣሪያዎች ስላሉት ይህ ገደብ አብሮ ይመጣል። ለአልበም ከሆነ አያስጨንቅዎት። ነገ አንድ ድርጅት ያንኑ አጃቢ ለሬዲዮ ማስታወቂያ ልግዛው ካለ ግን የሶናቲናዎቹን ትራኮች በቪኤስሲኦ ይተኩ፤ የትኛው ከየት እንደመጣ ኤስኤፍዜዱን ከፍተው የሳምፕሉን አድራሻ ሲያዩ ከሊብስ ቀጥሎ ያለው የፎልደር ስም ይነግርዎታል።